የሙያ ምስክር ወረቀት ለሌላቸው የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠራተኞች የሚሰጥ ተግባራዊ ሥልጠና

መግቢያ

በሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሙ ምርመራና ትእዛዝ በኋላ የሕክምናው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በመድኃኒት ክፍሉ ነው። ምርመራው ትክክል፣ ትእዛዙም ተገቢ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ በተሳሳተ ቍጥር ቢታደል፣ በሙቀት ከተበላሸ በኋላ ቢሰጥ ወይም የአንዱ በሽተኛ ከረጢት ለሌላው ቢደርስ እስከዚያ ድረስ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጉዳቱ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ይህም በመሆኑ የመድኃኒት ሥራ በሕግ ለሠለጠነና ፈቃድ ላለው ባለሙያ የተሰጠ ኃላፊነት ሆኗል።

ይሁን እንጂ የመድኃኒት ክፍሉን ሥራ የሚያከናውኑት ፋርማሲስቶችና የፋርማሲ ቴክኒሽያኖች ብቻ አይደሉም። ካርቶን የሚያራግፈው፣ መደርደሪያ የሚያስተካክለው፣ ከመጋዘን ወደ ማደያ፣ ከማደያም ወደ ሕሙማን ክፍል መድኃኒት የሚያመላልሰው፣ ሒሳብ የሚቀበለው፣ ቢን ካርድ የሚሞላው፣ ብልቃጥና የመቍጠሪያ ሰሌዳ የሚያጥበው ሠራተኛ ሁሉ የመድኃኒቱ ጉዞ አካል ነው። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሠራተኞች በፋርማሲ ሙያ መደበኛ ትምህርት ያልተከታተሉ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ሠራተኞች በሥራ ቦታ የሚሰጥ ተግባራዊ ሥልጠና ምን መሆን እንዳለበት፣ በምን ዘዴ ሊሰጥና በምን ሊመዘን እንደሚችል ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው።

1. የችግሩ አመጣጥ

ያለ መደበኛ ትምህርት በሕክምና ሥራ መሳተፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ሆስፒታሎች በተቋቋሙበት ዘመን የሠለጠነ የሰው ኃይል እጅግ አነስተኛ ስለ ነበር ድሬሰሮች በየሆስፒታሉ ከሐኪሞችና ከነርሶች ሥር ሆነው እየሠሩ ይማሩ ነበር። ቍስል ከማጠብ ጀምሮ መርፌ እስከ መውጋትና መድኃኒት እስከ ማደል የደረሰ ተግባር በእነርሱ ላይ ይወድቅ እንደ ነበር ይታወሳል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድ ቡድን የሚያሠለጥን ሥርዓት ተጀመረ። በ1961 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ የዲግሪ፣ የዲፕሎማና የቴክኒክ ሙያ መርሐ ግብሮች እየተስፋፉ በመሄዳቸው የባለሙያው ቍጥር ከቀድሞው ጋር የማይነጻጸር ሆኗል።

የባለሙያው መብዛት ግን ረዳት ሠራተኛውን አላስቀረውም። እንዲያውም የአልጋና የተመላላሽ በሽተኛ ቍጥር እየጨመረ፣ የመድኃኒቱም ዓይነት እየበዛ ሲሄድ ባለሙያው ለሙያው የሚተርፍ ጊዜ እንዲያገኝ ሌሎች ሥራዎችን የሚያከናውንለት ረዳት የግድ ያስፈልገዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ሽግሽግ ጉባኤም ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ሥራን ከከፍተኛ ባለሙያ ወደ ዝቅተኛ ሠራተኛ ማሸጋገር የሚቻለው ተግባሩ ተለይቶ ሲታወቅ፣ ሠራተኛው ለዚያው ተግባር ሲሠለጥን፣ ብቃቱ ሲመዘንና የቅርብ ቍጥጥር ሲደረግለት መሆኑን ያስገነዝባል። ሥራው ተሸጋግሮ ሥልጠናው ከቀረ ግን የተሸጋገረው ኃላፊነት ሳይሆን አደጋው ነው።

2. ልምድ ብቻውን ስለማይበቃ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ነባሩን እያየ እንዲለምድ ይደረጋል። ይህ አሠራር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ሠራተኛው የመደርደሪያውን አቀማመጥ፣ የቅጾቹን ዓይነትና የዕለቱን የሥራ ሂደት በጥቂት ቀናት ያውቃል። ነገር ግን ዐይቶ መልመድ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን አይለይም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ያወርሳል። ነባሩ ሠራተኛ የመቍጠሪያ ሰሌዳውን ሳያጥብ ከአንዱ ክኒን ወደ ሌላው የሚሸጋገር ከሆነ አዲሱም እንዲሁ ያደርጋል። የፔኒሲሊን ዱቄት በሰሌዳው ላይ ቀርቶ ከሌላ መድኃኒት ጋር ቢቀላቀልና ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ቢሰጥ ሊያስከትል የሚችለውን ብርቱ የሰውነት መቈጣት ግን ማንም ስላልነገረው አያውቀውም።

ሁለተኛው ችግር ምክንያቱ የማይታይ መሆኑ ነው። በመድኃኒት ሥራ ውስጥ ብዙው ጥፋት በዐይን አይታይም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለመግታት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በቅዝቃዜ ሳይጠበቅ በሙቀት ውስጥ ከቆየ ኃይሉ ይደክማል፤ የብልቃጡ መልክና የፈሳሹ ጥራት ግን አይለወጥም። ካርቶኑን ከመኪና አውርዶ እስከ ከሰዓት በኋላ በበር አጠገብ ያቆየው ሠራተኛ አንዳች ጥፋት የሠራ አይመስለውም። ጥፋቱ የሚገለጠው ምናልባት ከሳምንታት በኋላ በማዋለጃ ክፍል ነው፤ በዚያን ጊዜም ምክንያቱን ወደ ኋላ ተከትሎ የሚያገኝ የለም። እንዲህ ያለው ሥራ ከራስ ስሕተት በመማር ሊሻሻል አይችልም፤ ስሕተቱ ተመልሶ ወደ ሠሪው አይመጣምና። ስለዚህ የልምዱ ዘመን ቢረዝምም ያልተነገረው ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።

3. የሥራው ወሰን

ማንኛውም ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ረዳት ሠራተኛው ሊሠራ የሚችለውና የማይችለው በጽሑፍ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የወሰኑ መለያ የተግባሩ ክብደት ወይም ቅለት አይደለም፤ በተግባሩ ውስጥ ሙያዊ ፍርድ መኖር አለመኖሩ ነው። በዚህ መሠረት ሥራዎቹን በሦስት መመደብ ይቻላል።

ሀ) ከሠለጠነ በኋላ በራሱ የሚሠራቸው፦ መድኃኒት ከተረካቢ ሰነድ ጋር እያመሳከሩ ማራገፍ፣ መደርደሪያ ማስተካከል፣ የማቀዝቀዣን ሙቀት አንብቦ መመዝገብ፣ ቢን ካርድ መሙላት፣ የመቍጠሪያ ዕቃዎችን ማጽዳት፣ የማብቂያ ጊዜያቸው የተቃረበ መድኃኒቶችን ለይቶ ማሳወቅ።

ለ) በባለሙያ ዐይን ሥር ብቻ የሚሠራቸው፦ በጸደቀ ማዘዣ መሠረት ክኒን መቍጠር፣ ከረጢት ላይ መለያ መጻፍ፣ ለሕሙማን ክፍሎች የተጠየቀውን መድኃኒት ማሰናዳት። እነዚህ ሁሉ በባለሙያው ታይተው ሳይፈረምባቸው ከመድኃኒት ክፍሉ አይወጡም።

ሐ) ፈጽሞ የማይነካቸው፦ ማዘዣ መገምገም፣ የታዘዘው ሲያልቅ በሌላ መተካት፣ መጠን መወሰን፣ ለበሽተኛው የአወሳሰድ ምክር መስጠት፣ እንዲሁም አደጋቸው ከፍተኛ የሆኑ መድኃኒቶችን ማውጣት። ለምሳሌ ሳይበረዝ በደም ሥር ቢሰጥ ልብን የሚያቆም የፖታስየም ክሎራይድ ብልቃጥ መርፌ ለመበጥበጥ ከሚያገለግለው ውሃ ብልቃጥ ጋር በመልክ ሊመሳሰል ስለሚችል ተለይቶና ተቈልፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋውና በምሕጻሩ ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. የሚባለው የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት አሠራር ማዘዣ የሚገመግመውን፣ ሒሳብ የሚቀበለውንና መድኃኒቱን ከምክር ጋር የሚሰጠውን ለያይቶ ማስቀመጡ ለዚህ ዓይነቱ የሥራ ክፍፍል ጥሩ መሠረት ይሆናል። ሰው ሁሉ የራሱን ቦታ ሲያውቅ ወረፋ በበዛ ቀን እንኳ ማን ምን እንዳደረገ መከታተል ይቻላል።

ወሰኑን ማክበር ከባዱ ሠራተኛው መልካም ለመሥራት ሲፈልግ ነው። ፋርማሲስቱ ለአፍታ በሌለበት ጊዜ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ ስትለምን ረዳቱ «አልችልም፤ ባለሙያው እስኪመጣ ይጠብቁኝ» ማለትን የጭካኔ ምልክት አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ስለዚህ ይህን መልስ በትሕትናና በጽናት መስጠት ራሱን የቻለ የልምምድ ርእስ ሊሆን ይገባል።

4. የሥልጠናው ይዘት

የሥልጠናው ይዘት ከፋርማሲ ኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርት እየተቀነሰ የሚወሰድ መሆን የለበትም። መነሻው የሠራተኛው የዕለት ተግባር፣ በዚያም ተግባር ላይ ስሕተት ሊገባበት የሚችለው ነጥብ ነው። ከዚህ አንጻር የሚከተሉት አምስት ርእሶች ዋነኞቹ ናቸው።

ሀ) የመድኃኒት ስምን ማንበብ

የመድኃኒት ስም በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን ሠራተኛው የሚጠራው ግን በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ድምፅ ነው። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ደግሞ ለማሳከክና ለመሳሰለው የሚሰጥ ነው። በወረፋ ጫጫታ መካከል ሁለቱ በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በመደርደሪያም ላይ በፊደል ተራ ከተቀመጡ ጎረቤት ይሆናሉ። ስለዚህ ሠልጣኙ በድምፅ ሳይሆን ፊደል በፊደል እያመሳከረ፣ ከስሙም ቀጥሎ ያለውን የጥንካሬ ቍጥር እያነበበ መለየትን መለማመድ አለበት። የተለመደውና የሚመከረው ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው፤ ከመደርደሪያ ሲያነሡ፣ ሲቈጥሩና መልሰው ሲያስቀምጡ።

ለ) የቀን አቈጣጠርና ሰዓት

ይህ ርእስ በሌላ አገር መጻሕፍት የማይገኝ፣ ለእኛ ግን እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነው። በማሸጊያ ላይ የማብቂያ ጊዜ 09/2026 ተብሎ ቢጻፍ መድኃኒቱ የሚያገለግለው በአውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል። ቍጥሩን በአገሩ አቈጣጠር የሚያነብ ሰው ግን ዘጠነኛውን ወር ግንቦት፣ ዓመቱንም 2026 ዓ.ም. አድርጎ ይወስደዋል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ያሉት ወራት 8 ዓመት፣ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያሉት 7 ዓመት ልዩነት እንዳላቸው የሚያሳይ ሠንጠረዥ በየመጋዘኑ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባዋል።

የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» በሚሉት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት በጽሕፈት ጥቂት ነው፤ በትርጕም ግን የመጀመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛው በቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው። መለያ የሚጽፈው ረዳት ባለሙያው የወሰነውን «ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት፣ ማታ በ4 ሰዓት» ብሎ ዘርዝሮ እንዲጽፍ ቢሠለጥን ጥርጣሬው ይወገዳል። ማንበብ ለማይችል በሽተኛ ደግሞ የፀሐይ መውጫን፣ ቀትርንና ጨረቃን የሚያሳዩ ሥዕሎችን መጠቀም የተለመደና ጠቃሚ ዘዴ ነው።

ሐ) ስሌት

የሚያስፈልገው ስሌት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም፤ ነገር ግን ስሕተት አይፈቀድለትም። አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ቢታዘዝ 21 እንክብል ያስፈልጋል። በመደርደሪያው ላይ ያለው ባለ 250 ሚሊ ግራም ከሆነ ባለሙያው ሲፈቅድ ቍጥሩ 42 ይሆናል። ለወባ የሚሰጠው አርቲሜተርና ሉሜፋንትሪን ለአዋቂ 4 ክኒን በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን ሲሆን በጠቅላላው 24፤ ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም ጀምሮ 25 ላልሞላ ሕፃን 2 ክኒን ሆኖ በጠቅላላው 12 ነው። ሠልጣኙ መጠኑን አይወስንም፤ የተቈጠረው ከታዘዘው ጋር መስማማቱን ግን ራሱ ማረጋገጥ መቻል አለበት። የነጥብ አጻጻፍም ሥርዓት አለው። ግማሽ ሲጻፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይደረጋል፤ ሙሉ ቍጥር ሲጻፍ ግን ከኋላው ነጥብና ዜሮ አይጨመርም። 5.0 ተብሎ የተጻፈ ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ሆኖ ሊነበብ ይችላልና።

መ) አቀማመጥና ክምችት

«ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚለው የዕቃ ግምጃ ቤት ደንብ ለመድኃኒት አይበቃም። ዘግይቶ የደረሰ ካርቶን ቀድሞ የሚያልቅ የማብቂያ ጊዜ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ «ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ» መሆን አለበት። ቅዝቃዜ የሚፈልጉ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃሉ። በዚህም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ «የበለጠ ቢቀዘቅዝ የበለጠ ይጠበቃል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ኢንሱሊንና የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፤ በረዶው ሲሟሟም አይድኑም። ሠልጣኙ ሙቀቱን በቀን ሁለት ጊዜ አንብቦ እንዲመዘግብ ብቻ ሳይሆን ከወሰኑ ሲወጣ ወዲያውኑ ለማን እንደሚያስታውቅ ማወቅ አለበት። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ የሆነውና በቢን ካርዱ ላይ ቀሪ ተብሎ የተጻፈው በመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር መስማማቱን መቍጠርም የዚሁ ክፍል ነው።

ሠ) ንጽሕና፣ ሥርዓትና ምስጢር

ክኒን በእጅ አይነካም፤ በሰሌዳና በመግፊያ አምስት አምስት እየተደረገ ይቈጠራል። ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ከተቈጠረ በኋላ ሰሌዳው ሳይታጠብ ሌላ አይቈጠርም። በማዘዣ ወረቀት ላይ የሚታየው ስምና የበሽታ ዓይነት ከክፍሉ ውጭ አይነገርም። በተለይ ረዳት ሠራተኛው የዚያው ከተማ ነዋሪ፣ በሽተኛውም ጎረቤቱ በሚሆንበት ቦታ ይህ ጉዳይ በቃል ማሳሰቢያ ብቻ መታለፍ የለበትም።

5. የማስተማሪያው ዘዴ

ጎልማሳን ከሥራው አስቀርቶ በክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት ማስተማር ብዙ ጊዜ አይሳካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1940 እስከ 1945 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኞችን በፍጥነት ለማሠልጠን የተሠራበት ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ለመድኃኒት ክፍልም ተስማሚ ነው። በመጀመሪያ ሠልጣኙ ይዘጋጃል፤ ስለ ሥራው የሚያውቀው ይጠየቃል፣ የተግባሩም ጥቅም ይነገረዋል። በሁለተኛው ደረጃ አሠልጣኙ ተግባሩን ቀስ ብሎ እየከፋፈለ፣ የእያንዳንዱንም እርምጃ ምክንያት እየገለጸ ያሳያል። በሦስተኛው ሠልጣኙ ራሱ እየሠራ ምክንያቱን በራሱ ቃል ይናገራል። በአራተኛው ለብቻው እየሠራ በየጊዜው ይጎበኛል፤ ጕብኝቱም ቀስ በቀስ ይራራቃል።

ከአራቱ መካከል በጥድፊያ የሚዘለለው ሦስተኛው ነው። አሠልጣኙ አሳይቶ «ገባህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠልጣኙም በአክብሮት «አዎን» ይላል። ይህ «አዎን» ግን የመግባባት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው ሠልጣኙ ሰሌዳውን ለምን እንደሚያጥብ፣ ካርቶኑን ለምን በበር ላይ እንደማያቆይ ራሱ ሲያስረዳ ነው። በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ ከወጣት ፋርማሲስት ሥር ሲሠለጥን ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዛውንቱ በሰው ፊት ከታረመ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ያልጠየቀውንም ይሠራዋል። እርማቱ ለብቻው፣ በተገቢው የአክብሮት አጠራር፣ ከሰውየው ይልቅ በሥራው ላይ እያተኰረ ቢሰጥ ፍሬ ያፈራል።

ጊዜውን በተመለከተ ለምሳሌ ያህል የ12 ሳምንት ዕቅድ ማሰብ ይቻላል። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ወረፋ ባልበዛበት ጊዜ ቢሰጥ በጠቅላላው 30 ሰዓት ይሆናል። በየሳምንቱ አንድ ተግባር ብቻ ይያዛል፤ በቀረው የሥራ ሰዓትም ሠራተኛው ያንኑ ተግባር እየሠራ ይለማመዳል። የመማሪያው መሣሪያም ከመድኃኒት ክፍሉ አይርቅም። ባዶ ካርቶኖች፣ የማብቂያ ጊዜያቸው ያለፈ ማሸጊያዎች፣ ስም ያልተጻፈባቸው የልምምድ ማዘዣዎችና በክኒን ፋንታ የሚቈጠር ባቄላ ይበቃሉ።

6. ምዘና

በሥልጠናው ላይ የቆየበት የቀን ብዛት የብቃት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። መለኪያው ተግባሩን ያለ ስሕተት ደጋግሞ መሥራት ነው። በብሪታንያ ሆስፒታሎች የተሰናዳ መድኃኒትን በመጨረሻ ለመመርመር የሚሠለጥኑ ቴክኒሽያኖች በተለመደው አሠራር እስከ 1000 የሚደርሱ መድኃኒቶችን ያለ ስሕተት መርምረው ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። የረዳት ሠራተኛው ተግባር ከዚህ የቀለለ በመሆኑ ቍጥሩ ሊያንስ ይችላል፤ መርሑ ግን አንድ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ የተግባር መዝገብ ይኖረዋል፤ ለምሳሌ በተከታታይ 100 ጊዜ በትክክል ቈጥሮ ባለሙያው ሲፈርምለት የመቍጠር ተግባር ይፈቀድለታል። ስሕተት ከተገኘ ቍጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

የሥልጠናው ውጤት በመድኃኒት ክፍሉም አገልግሎት ላይ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመድኃኒት አጠቃቀም መመርመሪያ ለዚህ የሚያገለግሉ መለኪያዎችን ይሰጣል፤ ለአንድ በሽተኛ በእደላ ላይ የዋለው ጊዜ፣ በትክክል መለያ የተጻፈባቸው መድኃኒቶች ድርሻ፣ በሽተኛው አወሳሰዱን ማወቁ ከእነዚህ መካከል ናቸው። መረጃዎቹ በእርሳስ፣ በወረቀትና በሰዓት ብቻ ሊሰበሰቡ የሚችሉ ናቸው። ረዳቶቹ ከሠለጠኑ በኋላ ፋርማሲስቱ ከበሽተኛው ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ካልጨመረ ሥልጠናው ዋና ዓላማውን ስቷል ማለት ነው።

ከምዘናው ጋር የስሕተት መዝገብ አብሮ መኖር አለበት። መዝገቡ የሰው ስም ሳይሆን የሆነውን ነገር፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይይዛል። ስሕተቱን የተናገረ ሠራተኛ የሚቀጣ ከሆነ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ ስሕተቱ ግን ይቀጥላል።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው ረዳት ሠራተኛው የሚያስፈልገው መሠረት በትምህርት ቤት የሚጣል ነው። የሒሳብ መምህሩ ማባዛትንና አስርዮሽን ሲያስተምር የመድኃኒት መለያን በምሳሌነት ቢጠቀም፣ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ የሁለቱን የዘመን አቈጣጠሮች ልዩነት በማብቂያ ጊዜ ቢያስረዳ ትምህርቱ ለተማሪው ሁሉ ይጠቅማል። መድኃኒት ቤት የማይሄድ ቤተሰብ የለምና። በጎልማሶች የማታ ትምህርት ለሚያስተምሩ ደግሞ የሆስፒታል ሠራተኞችን ያቀፈ ክፍል ካላቸው ከመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው የንባብና የስሌት ልምምዱን ከሥራው ጋር ማያያዝ ይቻላቸዋል።

ዕቅድ አውጪዎች ሊመለከቱት የሚገባው ዐቢይ ጉዳይ የምስክር ወረቀት ነው። አንዳንዶች ለእነዚህ ሠራተኞች የጽሑፍ ማስረጃ መስጠት ራሳቸውን እንደ ባለሙያ እንዲቈጥሩ ያደፋፍራል ይላሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በሆስፒታል ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው በገጠር ፈቃድ የሌለው የመድኃኒት ንግድ ቢጀምር ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ነገር ግን ማስረጃ መከልከል ይህን አያስቀርም፤ ያልተጻፈ ችሎታ ወሰኑም ያልተጻፈ ነው። የተፈቀዱትን ተግባራት ዘርዝሮ፣ ያልተፈቀዱትንም በግልጽ ጠቅሶ የሚሰጥ ማስረጃ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ለሕዝቡም ጥበቃ ይሆናል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናን በውጤት የሚለካና ብቃት በመደበኛም ሆነ ከመደበኛ ውጭ በሆነ መንገድ ቢገኝ በምዘና ሊረጋገጥ እንደሚችል የሚቀበል ነው። ይህ በር ለመድኃኒት ክፍል ረዳቶች ክፍት ሊሆን ይገባዋል። በሥራ ቦታ የተመዘገበው የተግባር መዝገብ ወደ መደበኛው የፋርማሲ ቴክኒሽያን ሥልጠና ለመግባት ለሚፈልጉ፣ አስፈላጊውንም የትምህርት ደረጃ ላሟሉ ዕውቅና የሚያገኝበት መንገድ ቢዘረጋ ታታሪው ሠራተኛ ተስፋ ይኖረዋል። ተስፋ የሌለው ሥልጠና የሠለጠነውን ሠራተኛ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሸኛል፤ ሆስፒታሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ወጪውም መሸሸግ የለበትም። የሥልጠናው ዋጋ ወረቀትና ባቄላ ሳይሆን የአሠልጣኙ ፋርማሲስት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በሥራ መደቡ ውስጥ ተቈጥሮ ካልተመደበለት ሥልጠናው በወረፋው ተውጦ ይቀራል። የሌሊትና የበዓል ተረኞችም በዕቅዱ መያዝ አለባቸው፤ ባለሙያው ጥቂት በሚሆንበት በዚያ ሰዓት ረዳቱ ከወሰኑ የሚያልፍበት ፈተና ይበዛልና።

ማጠቃለያ

የሙያ ምስክር ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ መኖራቸው የሚያሳፍር ወይም የሚደበቅ ጉዳይ አይደለም። አሳሳቢው ሥራቸው ሳይለይ፣ ምክንያቱ ሳይነገራቸውና ብቃታቸው ሳይመዘን ዐይተው እንዲለምዱ መተዋቸው ነው። ለመጀመር አዲስ ሕንፃ ወይም ልዩ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ በመጀመሪያው ሳምንት የረዳቶቹን የዕለት ተግባር ዘርዝሮ በሦስቱ ምድቦች መክፈል፣ የሁለቱን ዘመን አቈጣጠር ሠንጠረዥ በመጋዘኑ መለጠፍና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተግባር መዝገብ መክፈት ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማለትም ዕውቅናውን፣ የሥራ ጊዜ ምደባውንና ወደ መደበኛ ሥልጠና የሚያሸጋግረውን መንገድ ማመቻቸት የጤና፣ የትምህርትና የሙያ ሥልጠና መሥሪያ ቤቶች የጋራ ድርሻ ይሆናል።